እደግ ተመንደግ፦ የዕድገት ሆርሞን ታሪክ

በአገራችን አንድ ሕፃን ለእንግዳ እጅ አስታጥቦ ወይም ለሽማግሌ ከዘራ አቀብሎ ሲመለስ «እደግ፣ ተመንደግ» ተብሎ ይመረቃል፤ እናቱም በየዓመቱ ከደጃፉ መቃን ሥር አቁማ፣ በራሱ ልክ በቢላዋ ጫፍ ምልክት አድርጋ፣ ካምናው ምልክት ጋር እያስተያየች ደስ ይላታል። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው የሦስት ጣት ስፋት ከየት እንደ መጣ፣ በልጁ ሥጋ ውስጥ ማን አዝዞ ማን ታዝዞ አጥንቱ እንደ ረዘመ፣ የሰው ልጅ ለብዙ ሺህ ዘመን ሳያውቀው ኖረ። የታወቀውም በቅርብ ጊዜ ነው፤ የዕውቀቱን ዋጋ ከከፈሉት መካከል ብዙዎቹ ፈቃዳቸውን ሳይጠየቁ የከፈሉ ስለሆኑ፣ ታሪኩን ከሥሩ አንሥቶ በየዘመኑ ተራ መተረክ ተገቢ መስሎ ታየኝ። ዓመታቱን የቈጠርኩት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ቻርልስ በርን በ1761 ዓ.ም. በሰሜን አየርላንድ ተወለደ። ከልጅነቱ ጀምሮ ቁመቱ ከእኩዮቹ ሁሉ እየበለጠ ሄዶ፣ ሃያ ዓመት ሲሞላው፣ የጎልያድን ስድስት ክንድ ከስንዝር በመጽሐፍ ሲሰሙ ያደጉ ሰዎች ያን ግዙፍ በዐይናቸው ያዩ ያህል የሚደነቁበት ሆነ። በ1782 ዓ.ም. ወደ ለንደን ገብቶ በገንዘብ ራሱን ያሳይ ጀመር፤ ጋዜጦች አወሩለት፣ መኳንንቱም ሊያዩት መጡ። ዳሩ ግን ይህ ሁሉ ዝና ሁለት ዓመት እንኳ አልቈየለትም፤ ጤናው ታወከ፣ መጠጥ አበዛ፣ ያጠራቀመው ገንዘብም ተሰርቆበት፣ በ1783 ዓ.ም. በሃያ ሁለት ዓመቱ ሞተ።

ሊሞት ሲቃረብ አስከሬኑን የሥነ አካል መርማሪዎች እንደሚፈልጉት ያውቅ ነበርና፣ ወዳጆቹ በሣጥን አድርገው ከባሕር እንዲያሰጥሙት ተናዘዘ። ኑዛዜው ግን አልተፈጸመም። በዘመኑ ስመ ጥር የነበረው ቀዶ ሐኪም ጆን ሀንተር የአስከሬኑን ጠባቂዎች በገንዘብ ደልሎ (ዋጋው 500 ፓውንድ እንደ ነበረ ይነገራል) ሬሳውን በስውር ወሰደ፤ ሥጋውን ቀቅሎ ከአጥንቱ ለየ፤ ዐፅሙንም ለዓመታት ደብቆ ካቈየ በኋላ በቤተ መዘክሩ አቆመው። ሰዓሊው ጆሽዋ ሬይኖልድስ የሀንተርን ምስል ሲስል፣ በሥዕሉ የላይኛ ጥግ የዚያን ረጅም ዐፅም ሁለት እግሮች ተንጠልጥለው አሳይቷል። ሐኪሙ ወደ ላይ አሻቅቦ፣ ብዕሩን ይዞ፣ ሲያስብ ይታያል፤ እግሮቹ ግን ከወደ ኋላው ናቸው፣ አያያቸውም። የሙት ኑዛዜ ማፍረስ ከባድ ኃጢአት ሆኖ በሚቈጠርበት አገር ያደገ ሰው ያንን ሥዕል አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትም።

ለምን እንደዚያ እንደ ረዘመ ግን ሀንተርም ቢሆን አላወቀም። ምክንያቱ የተሰወረባት ስፍራ ከራስ ቅሉ ወለል ላይ፣ ከአፍንጫ ሥር በስተኋላ፣ ከአንጎል ሥር እንደ ፍሬ ተንጠልጥላ የምትገኘው ፒቱታሪ የምትባለው ዕጢ ነበረች። መጠኗ የሽምብራ ፍሬ ያህል፣ ክብደቷም ግማሽ ግራም ገደማ ነው። የጥንቱ ሊቅ ጋሌን የአንጎል አክታ በእርስዋ በኩል ወደ አፍንጫ ይወርዳል ብሎ ስላስተማረ፣ ከሺህ ዓመት በላይ የተነሡ ሐኪሞች ሁሉ ያንኑ ይደግሙ ነበር፤ የላቲን ስሟም ከዚሁ ከአክታ የወጣ ነው።

ነገሩ መገለጥ የጀመረው በ1886 ዓ.ም. በፓሪስ ነው። ፒየር ማሪ የተባለው ሐኪም ካደጉ በኋላ እጃቸውና እግራቸው፣ መንጋጋቸውና አፍንጫቸው እየገዘፈ የሄደባቸውን ሁለት ሕመምተኞች መርምሮ፣ ደዌውን አክሮሜጋሊ ብሎ ሰየመው። በማግሥቱ ዓመት ኦስካር ሚንኮቭስኪ በዚህ ደዌ የተያዙ ሰዎች ፒቱታሪያቸው አብጦ እንደሚገኝ አመለከተ። ከዚያም በ1909 ዓ.ም. ከባልቲሞር ወደ ለንደን የመጣው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ሃርቪ ኩሺንግ የበርን ራስ ቅል እንዲከፈት ጠየቀ። ቅሉ ሲከፈት፣ ሊቃውንት ስለ ቅርጿ «የቱርክ ኮርቻ» የሚሏትና ዕጢዋ የምታርፍባት ትንሽ ጕድጓድ፣ ልኳን አልፋ፣ ተቦርቡራ፣ ሰፍታ ተገኘች። ዕጢዋ ራሷ ከሥጋው ጋር ከጠፋች 126 ዓመት ሆኗት ነበር፤ ዐልጋዋ ግን ምን ያህል እንዳበጠች መሰከረ። ያ ድሀ ወጣት የተሸከመው ርዝመት በሽታ እንደ ነበረ ያን ቀን ታወቀ።

ያበጠች ዕጢ ሰውን ካስረዘመች፣ ከእርስዋ የሚወጣ አንዳች ረቂቅ ነገር መኖር አለበት ብለው ያሰቡት ኸርበርት ኤቫንስና ጆሴፍ ሎንግ፣ በ1921 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ በበርክሊ ከተማ የከብት ፒቱታሪ የፊተኛውን ክፍል ጨምቀው፣ ጭማቂውን በየቀኑ ለአይጦች ወጉ። የተወጉት አይጦች ካልተወጉት ወንድሞቻቸው እጅግ ገዝፈው ታዩ። ጥቂት ቈይቶም ፊሊፕ ስሚዝ በአይጥ ጉሮሮ በኩል ገብቶ አንጎልን ሳይነካ ያችን ኢምንት ዕጢ ብቻ ለይቶ ማውጣት ቻለ፤ ዕጢዋ የወጣላቸው ግልገሎች ማደግ አቆሙ፣ የሌላ አይጥ ዕጢ ሲተከልላቸው ደግሞ እንደ ገና ማደግ ጀመሩ። ይህ የስሚዝ ሥራ ከሁሉ ይልቅ ይደንቀኛል፤ እጁ በአንዲት ፀጉር ስፋት ብትስት ኖሮ ከውጤቱ አንዱም እርግጠኛ አይሆንም ነበርና። በአርጀንቲና ደግሞ በርናርዶ ኡሳይ ያችው ዕጢ የደምን ስኳር ከፍ የሚያደርግ ኃይል እንዳላት አሳይቶ በ1947 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ሊቃውንቱ በአይጥ ሲደክሙ፣ በኢሊኖይ ግዛት በኦልተን ከተማ በ1918 ዓ.ም. የተወለደው ሮበርት ዋድሎ በዕጢው ሕመም ያለ ማቋረጥ ያድግ ነበር። በ1940 ዓ.ም. ለመጨረሻ ጊዜ ሲለካ 2 ሜትር ከ72 ሳንቲሜትር ሆነ፤ በታሪክ በማስረጃ ከታወቁት ሰዎች ሁሉ ረጅሙ እርሱ ነው። እግሩ ይደነዝዝ ስለ ነበር፣ እንዲደግፈው የታሰረለት ብረት ቍርጭምጭሚቱን ሲልጠው ሕመሙን በጊዜ አላወቀውም፤ ቍስሉ አመረቀዘና በዚያው ዓመት እንደ በርን በሃያ ሁለት ዓመቱ ሞተ። ቤተ ሰቡ የበርንን ዕጣ በልጃቸው ላይ አልፈቀዱም፤ ማንም እንዳይነካው መቃብሩን በሲሚንቶ አጽንተው ቀበሩት።

ከቻይና ከካንቶን ወደ በርክሊ የመጣው ቾ ሃው ሊ በ1944 ዓ.ም. ከኤቫንስ ጋር ሆኖ ያን ረቂቅ ነገር፣ የከብትን የዕድገት ሆርሞን፣ አንጥሮ አወጣ። ደስታው ትልቅ ነበር፤ ምክንያቱም ዕጢያቸው ሰንፎ ቁመታቸው የቀረ ሕፃናት በየአገሩ ነበሩ፤ የእርድ ከብት ደግሞ ሞልቷል። ነገር ግን የከብቱ ሆርሞን ለሰው ሲሰጥ አንዳች አልሠራም። ኢንሱሊን ከከብትና ከዓሣማ ተወስዶ የስኳር በሽተኛን ሲያድን፣ ይህ ሆርሞን በሰው ሥጋ ውስጥ እንደማያውቁት ቋንቋ ሆኖ ቀረ። ሰው የሚሰማው የሰውን ወይም የዝንጀሮን ወገን ሆርሞን ብቻ መሆኑ የተረዳው ከ10 ዓመት በላይ ከተደከመ በኋላ ነው። በ1956 ዓ.ም. ሊ የሰውን ሆርሞን ከሰው ዕጢ አጣርቶ አወጣ፤ በቦስተን ከተማ ሞሪስ ራበን ደግሞ በሌላ ዘዴ ከአስከሬን ዕጢ ያዘጋጀውን ለአንድ የ17 ዓመት ልጅ መውጋት ጀመረ፤ ልጁ ዕድገቱ ቆሞበት ነበር፣ በመርፌው ረዘመ። ራበን ይህን በ1958 ዓ.ም. አሳተመ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በዝግታ ማየት ያስፈልጋል። ከአንድ አስከሬን የሚገኘው ሆርሞን ጥቂት ሚሊግራም ስለሆነ፣ አንድን ሕፃን ለማሳደግ የብዙ ሙታን ዕጢ ይፈለግ ነበር። በ1963 ዓ.ም. በአሜሪካ ዕጢ የሚሰበስብና የሚያከፋፍል ብሔራዊ ድርጅት ተቋቋመ፤ በእንግሊዝና በፈረንሳይም እንዲሁ ሆነ። በአስከሬን ምርመራ ክፍል አንጎል ሲወጣ፣ ሠራተኛው ያችን የሽምብራ ፍሬ ከኮርቻዋ ፈልቅቆ፣ አሴቶን በተሞላ ብልቃጥ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ይጨምራታል፤ ብልቃጡ ሲሞላ ወደ ማጣሪያው ይላካል። በዚያም በሺህ የሚቈጠሩ ዕጢዎች ባንድ ዕቃ ተደባልቀው ይጨመቃሉ፤ የማን ዕጢ ከማን ጋር እንደ ተቀላቀለ የሚያውቅ የለም። በብዙ ቦታ የሟች ዘመዶች አልተጠየቁም። በዚያው ጊዜ ደግሞ ወላጆች በየወሩ ልጃቸውን ከግድግዳ አስደግፈው ሲለኩ፣ ለዓመታት አልንቀሳቀስ ያለው ምልክት ከፍ ብሎ ባዩ ጊዜ የሚሰማቸው ደስታ እውነተኛ ደስታ ነበር፤ ማንም ሊነቅፈው አይችልም።

ሆርሞኑ ሥራውን እንዴት እንደሚፈጽም የታወቀው በእነዚያ ዓመታት ነው። በሴንት ልዊስ ከተማ ዊልያም ዶውሃደይና ባልደረባው በ1957 ዓ.ም. እንደ ተረዱት፣ የዕድገት ሆርሞን በቀጥታ በልም አጥንት ላይ ሲጨመር ያን ያህል አይሠራም፤ ሆርሞኑን ከተቀበለ እንስሳ የተቀዳ ደም ግን ይሠራል። ስለዚህ በመካከል ሌላ መልእክተኛ አለ ማለት ነው። ይህ መልእክተኛ ኋላ አይ ጂ ኤፍ አንድ ተባለ፤ በብዛት የሚሠራውም ጉበት ነው። እንግዲህ ሥርዐቱ እንዲህ ነው፦ ፒቱታሪ ሆርሞኑን ወደ ደም ትለቃለች፤ ጉበት ተቀብሎ ሁለተኛውን መልእክተኛ ይልካል፤ ሁለቱም በረጃጅም አጥንቶች ጫፍ አጠገብ ወዳለችው ስስ የልም አጥንት ንጣፍ ይደርሳሉ። በዚያች ንጣፍ ላይ ሕዋሳት እንደ ተነባበረ ሳንቲም ተሰልፈው ይባዛሉ፣ ይገዝፋሉ፣ በመጨረሻም ስፍራቸውን ለአጥንት ለቀው ያልፋሉ፤ አጥንቱ የሚረዝመው በእነዚህ ሕዋሳት ልደትና ሞት ነው። ጉርምስና ሲያልቅ ንጣፏ ራሷ ወደ አጥንትነት ተለውጣ ትዘጋለች። ስለዚህ ሆርሞኑ የበዛው ንጣፏ ሳትዘጋ ከሆነ ሰውየው እንደ በርንና እንደ ዋድሎ ይረዝማል፤ ከተዘጋች በኋላ ከሆነ ግን ቁመት አይጨምርም፣ ፒየር ማሪ እንዳያቸው ሕመምተኞች እጅና መንጋጋ ይገዝፋሉ።

እናቶች የተኛ ልጅ አትቀስቅሱ፣ በእንቅልፉ ነው የሚያድገው ይላሉ። በ1968 ዓ.ም. በዚያው በሴንት ልዊስ መርማሪዎች ከተኙ ሰዎች ደም እየቀዱ ሲለኩ፣ ሆርሞኑ በብዛት የሚፈሰው እንቅልፍ እንደ ጀመረ፣ ጥልቁ እንቅልፍ በገባ ጊዜ ሆኖ ተገኘ። በእስራኤል ደግሞ ዝቪ ላሮን በ1966 ዓ.ም. ቁመታቸው እጅግ አጭር ሆኖ ሳለ የዕድገት ሆርሞናቸው ግን ከልክ በላይ የሆነ ሕፃናትን ገለጸ፤ ትእዛዙ ይወጣል፣ የሚቀበለው ግን የለም፤ ጉድለቱ ያለው በሕዋሳቱ ላይ ሆርሞኑን በሚቀበለው በር ላይ ነው። በዚያው ዘመን በደቡብ አፍሪካ በኬፕታውን በምግብ እጦት የተጐዱ ሕፃናት ደም ሲመረመር የዕድገት ሆርሞናቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። የተራበ ልጅ ዕጢው አልሰነፈም፤ ሌት ተቀን «እደግ» እያለ ይጮኻል፤ ጉበት ግን የሚሠራበት ስንቅ ስለሌለው ሁለተኛውን መልእክተኛ አይልክም፤ ሆርሞኑም ያለውን ስብ እያቀለጠ ሕይወትን ለማሰንበት ይውላል። ለእኛ አገር አንባቢ ከዚህ ታሪክ ሁሉ ይህ የቀረበ ይመስለኛል፤ የተራበውን ልጅ የሚያሳድገው መርፌ ሳይሆን ምሳ ነውና።

ዕጢዋን የሚያዝዛት ማነው የሚለውን ጥያቄ ያነሡት የመርማሪው የሮዠ ጊዩማን ባልደረቦች፣ ከአንጎል ሥር ካለው ሃይፖታላመስ ከሚባለው ክፍል የሚያነቃቃ ቅመም ሲፈልጉ፣ በ1973 ዓ.ም. በተቃራኒው የሚገታውን አገኙ፤ ሶማቶስታቲን ይባላል። የሚያነቃቃው እስከ 1982 ዓ.ም. ተሰውሮ ቈይቶ፣ የተገኘው ባልተጠበቀ ስፍራ ነው፤ አክሮሜጋሊ ይዟቸው ሳለ ፒቱታሪያቸው ውስጥ ዕባጭ ካልነበረባቸው ሕመምተኞች ቆሽት ላይ ከተቈረጠ ዕባጭ ወጣ። ዛሬ ሶማቶስታቲንን አስመስለው የተሠሩ መድኃኒቶች አክሮሜጋሊን ያክማሉ።

በ1984 ዓ.ም. መጨረሻ በአሜሪካ፣ በልጅነቱ የአስከሬን ሆርሞን ሲወጋ የኖረ አንድ ሃያዎቹ ውስጥ ያለ ወጣት ሚዛኑን ስቶ፣ አንደበቱ ተሳስሮ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ሞተ። የአንጎሉ ምርመራ ክሮይትስፌልት ያኮብ የተባለውን፣ በሽማግሌዎች እንጂ በወጣት ላይ እምብዛም የማይታየውን በሽታ አመለከተ። ሐኪሙ ሬይመንድ ሂንትዝ ነገሩን እንደ ተራ አጋጣሚ አላለፈውም፤ በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጻፈ፤ ሌሎችም ሟቾች ተገኙ፤ በሚያዝያም መድኃኒቱ ታገደ። የበሽታው መነሻ ፕሪዮን የሚባል፣ ቅርጹ የተጣመመ ፕሮቲን ነው፤ ይህ ከአንድ የታመመ ሟች ዕጢ ገብቶ ብልቃጡን ሁሉ በክሎት ነበር። በአሜሪካ 7,700 ያህል፣ በእንግሊዝ 1,849፣ በፈረንሳይም 1,700 ገደማ ሕፃናት ተወግተው ነበር። በሽታው በሥጋ ውስጥ ከ30 ዓመት በላይ ተኝቶ ሊነሣ ስለሚችል፣ ብዙዎቹ ሰው ሆነው፣ አግብተው፣ ወልደው ሳለ ያዛቸው። በፈረንሳይ ከ100 በላይ፣ በእንግሊዝም ከ70 በላይ ሞቱ። በፈረንሳይ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ በ2009 ዓ.ም. ተከሳሾቹ በነጻ ተሰናበቱ። እነዚያ ወላጆች ልጃቸውን ወደ መርፌው በገዛ እጃቸው ይዘው የሄዱ ናቸው፤ ከኀዘናቸው የከበደው ይህ ነበር።

መድኃኒቱ ከታገደ ከስድስት ወር በኋላ፣ በጥቅምት 1985 ዓ.ም.፣ ከአስከሬን ያልተወሰደ የዕድገት ሆርሞን ተፈቀደ። ዴቪድ ጎዴል በሳን ፍራንሲስኮ አጠገብ በጄኔንቴክ ኩባንያ ከባልደረቦቹ ጋር በ1979 ዓ.ም. የሆርሞኑን ዘረ መል በባክቴርያ ውስጥ አስገብቶ፣ ያ ጥቃቅን ፍጡር 191 አሚኖ አሲዶች ያሉትን የሰው ፕሮቲን እንዲሠራ አድርጎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሙታን አያስፈልጉም። በ1992 ዓ.ም. ደግሞ ሆርሞኑ በሕዋሱ በር ላይ የሚሠራው በራጅ ጨረር ተቀርጾ ታየ፦ አንዱ ሆርሞን እንደ አስታራቂ ሽማግሌ የሁለት ተቀባዮችን እጅ ያጨባብጣል፤ ሁለቱ ሲቀራረቡ በሕዋሱ ውስጥ በኩል የተጣበቁት ኤንዛይሞች እርስ በርሳቸው ይቀሰቀሳሉ፤ መልእክቱም ወደ ሕዋሱ አስኳል ይወርዳል። በላሮን ሕፃናት ላይ የተሰበረው ይህ በር ነው። እንደ እነርሱ ያሉ ወደ መቶ የሚጠጉ ሰዎች በኢኳዶር ደቡብ ይኖራሉ፤ ሃይሜ ጌቫራ አጊሬ ከ20 ዓመት በላይ ከተከታተላቸው በኋላ በ2011 ዓ.ም. እንደ ተገለጸው፣ ከመካከላቸው በስኳር በሽታ የተያዘ አልተገኘም፤ በካንሰርም የሞተ የለም። አይ ጂ ኤፍ አንድ ሕዋሳትን ሲያባዛ ክፉውንም ደጉንም እንደሚያባዛ ይህ አሳሰበ፤ ሆርሞኑን ለጡንቻና ለወጣትነት ብለው ያለ ሕመም የሚወጉ ሰዎች ይህን ቢያስቡት መልካም ነው።

በዚያው በ2011 ዓ.ም. ማርታ ኮርቦኒትስ የተባለችው ሐኪምና ባልደረቦቿ ከቻርልስ በርን ጥርስ ዘረ መል አውጥተው፣ ዕጢውን ያሳበጠው ጉድለት ዛሬ በሰሜን አየርላንድ በሚኖሩ አራት ቤተ ሰቦች ውስጥም እንዳለ አረጋገጡ። ጉድለቱ ያለባቸው አሁን ተመርምረው በጊዜ ይታከማሉ። እንግዲህ ዐፅሙ ለወገኖቹ ልጆች ጤና ሆነ፤ ነገር ግን ሊሰጥ የሚችለውን ሰጥቷልና ከእንግዲህ ኑዛዜው ቢፈጸምለት ፍትሕ ነው ብዬ አምናለሁ። የሀንተር ቤተ መዘክር በ2023 ዓ.ም. እንደ ገና ሲከፈት ዐፅሙ ከአደባባይ ተነሥቷል፤ ወደ ባሕር ግን አልሄደም፤ ለምርምር ተብሎ ተቀምጧል። ጐብኚው ዛሬ በዚያ የሚያየው የሬይኖልድስን ሥዕል ነው፦ ሐኪሙ ብዕሩን ይዞ ያስባል፣ ከወደ ኋላው ሁለት እግሮች ተንጠልጥለዋል።